ቅጽ አይከሰስ

ዊኒፔግ። ጥር ወር። ከዜሮ በታች ሠላሳ።
ሰው ጨው እየረገጠ ይገባል፣ ከጫማው በረዶ ሳያነሣ።
እኔ መስኮት ቁጥር አራት ነኝ፤ ስሜን የሚጠይቅ የለም፤
መስታወቱ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ከድምፅ ሌላ አያሳልፍም።
ቁጥር ይጠራል፤ ይነሣሉ። ቁጥር ይጠራል፤ ይቀመጣሉ።
እፊቴ ሲደርሱ ግን ሁሉም ባርኔጣ ያወልቃሉ።
ለእኔ ይሆን? ለወንበሬ? ወይስ ከጣሪያው ለሚወርደው ሙቀት?
ይህንኑ ነበር የጠየቁኝ፣ በማታው ኮሌጅ፣ በፈተና ወረቀት።

መምህራችን ሦስት ወንበር ሣለ በነጩ ሰሌዳ፦
አንዱ የልማድ ነው አለን፣ የአያት የቅድመ አያት ዕዳ፣
ከአባት ለልጅ የሚያልፍ፤
ሁለተኛው የባለ ጸጋው፣ ቃሉ ብቻ ሰው የሚያሰልፍ፤
ሦስተኛው የደንብ ነው፤ ሰው ቢጎድልበት የማይጎድል፣
ፊርማው ቢለወጥ ማህተሙ የሚቀጥል።

የፊተኛውን ሲያስረዳ ትዝ አለኝ አጎቴ ቢተው፤
ወረዳ በተሾመ ጊዜ የጓሮ በሩ ነበር የሚከፈተው።
በግ ይገባል፣ ማር ይገባል፤ ከዚያ ጉዳይ ይገባል።
"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላል፤ እየሣቀ ጥርሱን ይፍቃል።
ማን ሊጠይቀው? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤
የታሰረውን በግ እኔ ነበርኩ ሣር የማጎርስ።
ያን ጊዜ ማልኩ፦ ወንበር ባገኝ በሩ አንድ ነው፣ የፊት ብቻ፣
ለመጣ ሁሉ፣ አቻ ለአቻ።

አገኘሁ። በግ አይገባም። እጄ ሳሙና ሳሙና ይላል።
ኦሬስት ግን ይበርደዋል።

ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የባቡር በያጅ ነበር፤
ማሞቂያው ተቆርጦበት መጣ፣ ቅጽ ዘጠኝን ሞልቶ፣ በዝርዝር።
አንዲት መስመር ባዶ ናት፦ "የቤቱ አከራይ ፊርማ።"
"ማኬይ ሞቷል" አለኝ፤ "በኅዳር ቀበርነው፣ ወጣ ብሎ ከከተማ።"
የሟች ልጆች ካልጋሪ ናቸው፤ የኪራዩ ገንዘብ ወደ እነሱ ዞረ፤
ጠበቃቸው ቁጥር አልቆረጠ፣ ጫማው አልራሰ፤ በስልክ ተናገረ።
የመፈረም መብት ግን
እስከ ሚያዝያ አልዞረም፤ መዝገቡ የሚያውቀው ሟቹን።

ወደ ወይዘሮ ፍሪዘን ወጣሁ፤ ደግ ናት፤ ለልደቴ ኬክ ጋግራልኛለች።
ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "በእኔ ቢሆን!" አለች።
ሦስተኛ ፎቅ ደወለች። ሦስተኛው ፎቅም "በእኔ ቢሆን" አለ።
ኮምፒውተሩ ተጠየቀ፤ ቀዩ መስመር ብልጭ አለ።
ደረጃውን ሁሉ ወጣሁ፤ ጨካኝ ሰው ፈለግኩ፤ አጣሁ።
ጨካኝ ቢኖር እግሩ ላይ ይወደቃል፤ ባዶ እጄን መጣሁ።
ሕጉ እኩል ነው ይላሉ። ይሁን፤ በረዶውም እኩል ነው የሚወርደው፤
ካፖርቱ ነው የሚለያየው።
በዚህ አገር ንጉሥም ይከሰስ፤
ሰማይ አይታረስ፣ ቅጽ አይከሰስ።

በሳምንቱ ኦሬስት ተመለሰ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።
ባዶዋ መስመር ሞልታለች፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ገና ያልደረቀ።
ማኬይ ፈርሟል። አውራ ጣቱን አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። እሱም አየኝ።
"ሟቹን የት አገኘኸው?" ልል ነበር፤ ቃሉ አነቀኝ።
ኮምፒውተሩ "ፊርማ አለ?" አለ። አለ። "ቀን አለ?" አለ። አለ።
ሕያው ሁሉ ያልቻለውን ሙት ፈቀደ፤ ማሞቂያው ዓርብ ተቀጠለ።

ለፈተናው ሦስቱን ወንበር በየተራ ጻፍኩ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ።
የማኬይን አልጻፍኩም። እነሱም አልጠየቁኝ።

አጎቴ ቢሰማ "በጉስ?" ይለኛል፣ ጥርሱን እየፋቀ።
በግ የለም፣ አጎቴ። የአንድ ሰው ቤት ሞቀ።
የጓሮ በር ግን ከፍቻለሁ፣ አውራ ጣት የምታህል፤
ማታ ማታ ነፋሱ በሷ ይገባል።