ምን ታድናለህ?

ምናለሽ ተራ ነው፣ ከዘይኑ መደብ ፊት፤
ካራው ተደርድሯል እንደ ዓሣ በሸራ፣
አንዱ ያብረቀርቃል፣ መስታወት ይመስል፣
አንዱ ዝም ብሏል፣ ጥቁር፣ ባለ አሻራ።

“ይሄን ውሰድ” አለኝ የሚያብለጨልጨውን፣
“የውጭ ነው፣ አይዝግም፣ ቱሪስት የሚይዘው።”
አባቴ ቢሆን ግን
(እንግዳወርቅ አዳኙ፣ ጎሽ ጥሎ ጥሎ
ዶሮ ማነቂያ ገብቶ ያረጀው)
“የማይዝግ አይሳልም” ብሎ ነው የሚያልፈው።

በጥፍሬ መታሁት፣ አስጠግቼ ለጆሮ፤
ጣ ያለውን ተውኩት፣ ዞሮ ዞሮ ቆርቆሮ።
አንዱ ግን ቀጭን ድምፅ ለቀቀ፣ ቆየ፣
ገበያው ጫጫታ ውስጥ ቀስ ብሎ ጠፋ።
እጀታውን ገልብጬ አየሁ፤
ብረቱ ቀንዱን ዘልቆ እስከ ጫፍ ወርዷል፣
በሦስት ምስማር ታስሮ። ሁለት ቢሆን ትቼው ነበር።
ሌባ ጣቴ ላይ አስተኛሁት። አልወደቀም፤
ትንሽ ወደ እጄ አዘነበለ፣
እንደሚያዳምጥ ሰው።

“ከምንድን ነው?” አልኩት።
“ካሮጌ ኤንትሬ ባሌስትራ።
አሰብን ስንቴ ተመላልሷል ይሄ!”
ሁለት ሺህ ጠራ፤ በሺህ ሁለት መቶ ተስማማን፤
አፎቱን መረቀልኝ።

ቸርችልን ስወርድ ጎኔ ላይ ይሞቀኛል።
ባንኩ ግን በር አለው፣ በሩም ላይ ፍተሻ፤
“እጅ ወደ ላይ” አለኝ ዘበኛው፤
ዳንሳ ይላል ደረቱ፣ በነጭ ክር ተጠልፎ።
ዳበሰኝ። እጁ ቆመ።
“ምንድን ነው?”
“ካራ።”
“ለምን?”
“ለአደን።”
ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ።
እሱ አልሳቀም። ጎዳናውን ቁልቁል አየ፤
ሚኒባሱን፣ ክሬኑን፣ የመስታወት ፎቁን፣ ሎተሪ አዟሪውን።
“እዚህ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “እዚህ ምን ታድናለህ?”

መልስ አልነበረኝም።

ካራውን መዘዘና ጠርዙን በአውራ ጣቱ
አግድም ዳሰሰው። አግድም! እንደ ጀማሪ
ርዝመቱን አልሄደበትም።
ያኔ ገባኝ፤ ይህ ሰው አንድ ቀን
የሚዳቋ ቆዳ ገፏል።
“ዱልዱም ነው” አለና መሳቢያው ውስጥ ጣለው፤
“ስትወጣ ውሰደው፤ ቤት ስትገባ ሳለው።”

ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ማታ።
ድንጋዩ በረንዳው ላይ ነው።
ሰፈሩ ሲፈርስ እኅቴ ቁም ሳጥኑን፣
ወንድሜ ቆርቆሮውን ሲያወርዱ፣
እኔ የደጃፉን ድንጋይ ነቀልኩ፤ ጎረቤት አበደ አለኝ።
መሃሉ ጎድጉዷል፣ እንደ አሮጌ ኮርቻ፣
የሠላሳ ዓመት እሑድ የሄደበት ብቻ።

ጠመንጃውን አስረክቦ፣ ፈቃዱ ከተዘጋም በኋላ
አባቴ እዚህ ይቀመጥ ነበር።
ውሃ ጠብ፣ ጠብ። ጀርባውን
የክብሪት ቀፎ ያህል ከፍ።
“አትጫነው” ይላል፣ “ክብደቱ ይበቃዋል።
አሥር በዚህ፣ አሥር በዚያ፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አምስት፤
እያቀለልክ ሂድ፣ ከበሽተኛ እንደሚሰናበት ሰው።”
ሲስል ከውስጥ ይሰማናል።
“ምኑን ነው የሚስል?” ትላለች እናቴ፤
ካራውን ወይስ ደረቱን?
ኋላ ኋላ መለየት አቃተን።

አሥር በዚህ፣ አሥር በዚያ።
ጠርዙ በማዶ ጢም አበቀለ፣
ዓይን የማያየው፣ ጥፍር የሚያውቀው፤
ቀበቶዬ ላይ ላጨሁለት።
የመብራት ሒሳብ ወረቀት አንስቼ ሞከርኩት፤
ያለ ድምፅ ተከፈለ።
ዘይት ቀባሁት። አፎቱ ውስጥ አላሳደርኩትም፣
ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤
ራቁቱን መስኮቱ ላይ ተኛ፣
የከተማው መብራት እየሄደበት።

አንድ የደጃፍ ድንጋይ አድኛለሁ፣ ዳንሳ።
ሌላ የለኝም።

ነገ ባንኩ ጋ ተመላሽ ነኝ፤
ፊርማህ አልመሳሰል አለ ብለውኛል።
ካራውን ይዤ እሄዳለሁ።
ይዳስሰው።
አግድም።