አንድ ወንበር ጨምሪ

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ወንበር መደርደር፣
ፒላር አደባባይ፣ ከብርቱካን ሥር።
በየዓመቱ ሰኔ፣
ብርዱ ከወንዙ ላይ ጉም ለብሶ ሲመጣ፣
ከመጋዘን ገብቼ
የቻኮ ዘማቾችን ወንበር ላወጣ።

ስቀጠር አርባ አንድ ነበሩ።
ወገቤን አሞኝ፣ «ምነው ባነሱ» ብያለሁ አንድ ቀን፤
አፌን በቆረጠው።
እነሱም አነሱ።

መጀመሪያ ዶን ኤፒፋኒዮ፣ መለከት ነፊው፣
ጥርሱ ካለቀ በኋላም በድዱ የሚነፋው፤
ከዚያ መንትዮቹ፣ በሳምንት ልዩነት
(ሁለተኛው የሞተው ተቆጥቶ ነው፣ «ቀደመኝ» ብሎ)፤
ዶን ቤኒግኖም ባለፈው ጎርፍ፣
ሬሳው በጀልባ፣ ባንዲራው እርጥብ፤
ያ ሁሉ ጥም የማረው ሰው
በውሃ ላይ ተሸኘ።

ዘንድሮ አንድ ወንበር።
አንድ ወንበር መደርደር አይባልም፤
ማስቀመጥ ነው።

ዶን ክሬሴንሲዮ፣ መቶ ሁለት ዓመቱ።
ወንዝ ዳር ነው ቤቱ፣
እንቁራሪት ከአልጋው ሥር የሚጮህበቱ፤
እሱ ግን እስከ ዛሬ ውሃ ይደብቃል፦
በጠርሙስ፣ በጣሳ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ፣
አንዴም በልጅ ልጁ የዝናብ ጫማ ውስጥ።
ሌሊት ይባንንና «ካሚዮኗ መጣች?» ይላል።
«መጣች» ትለዋለች ልጁ ኦብዱሊያ።
«ስንት በርሜል?»
«ስድስት።»
«ውሸታም» ይላትና ይተኛል።

በበዓሉ ዋዜማ አስጠርቶ እጄን ያዘ።
በጓራኒ ቋንቋችን ውሃ አንዲት ድምፅ ናት፤
ከጉሮሮ ተነሥታ፣ ጉሮሮ ላይ ቀሪ።
መጀመሪያ እሷን አላት። ጠጣ። ከዚያ፦

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሾሁ ጫካ ውስጥ፣
ከደረቀ ጉድጓድ አፍ፣ አንድ ቦሊቪያዊ አገኘሁ፤
ሆዱን ይዞ ተጋድሟል፤ ዕድሜው ከእኔ አይበልጥ፣
ከንፈሩ እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል።
‹ኡማ› አለኝ። ‹ኡማ፣ ኡማ።›
የሴት ስም መሰለኝ።
እናቱ ትሁን ሚስቱ ማን ያውቃል፤
አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ በእኛው ቋንቋ፣
‹ትመጣለች› አልኩት፣
‹መንገድ ጀምራለች ኡማ፤ ፀጉሯን ልታበጥር ነው የዘገየችው።›
ግንባሩን ዳበስኩት። ሞተ።
ኮዳዬ ውስጥ ሁለት ጉንጭ ውሃ ነበረኝ።

ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ ከላ ፓዝ የመጣ የሱፍ ነጋዴ
ገበያ መሀል ልጁን ሲልከው ሰማሁ፣
‹ኡማ አምጣልኝ› ብሎ።
ልጁ ብርጭቆ ይዞ መጣ።»

ዝም አለ። እንቁራሪቶቹ ግን ዝም አላሉም።

«አላወቅሁም ነበር እላለሁ፤ ለቄሱም ያልኩት ይህንኑ ነው።
ግን አንቺ ልጅ፣
ጉሮሮ የጉሮሮን ቋንቋ መቼ ይስታል?
ሁለት ጉንጭ ነበረኝ።
ነገ አንድ ወንበር ጨምሪ።»

ጨመርኩ። ብርጭቆም፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቼ።
«የማን ነው?» አሉ ከንቲባው።
«የኡማ።»
«ባለቤቱ ናት?»
«አዎ» አልኳቸው።
ንግግራቸውን ቀጠሉ፤ ደም፣ አጥንት፣ ትውልድ፤
ማይክሮፎኑ ሁለቴ ጮኸባቸው።
ሽማግሌው መድረኩን አላየም።
ኒሻኑ የኮቱን ደረት ወደ ታች ጎትቶታል፤
የራሱን ብርጭቆ አልነካም።
አንዴ ብቻ ጎንበስ ብሎ
ባዶውን ወንበር አንድ ነገር አለው፤
ምን እንዳለው የሰማ የለም።

ሰዉ ሲበተን ወንበሮቼን አጠፍኩ።
ሁለት ናቸው፤ አይከብዱም።
ብርጭቆው ቀረ።
ከብርቱካኑ ሥር ላፍሰው አልኩ፣ እጄ እምቢ አለ።
ወንዙ ቅርብ ነው፤ ለወንዝ ውሃ ማን ይሰጣል?
ልጠጣው አልኩ።
መሸ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለዘበኛው መመለስ አለብኝ፣
አሁንም እዚያው ቆሜያለሁ፣
እንዳይፈስ፣
በሁለት እጄ ይዤ።