ሰባት ሌሊት በዴራ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቁራጭ ጠመኔ፣
ይቺን ባሕረ ሰላጤ ስሥላት ኖሬ እኔ፣
ቢስቲማ፣ ስምንተኛ «ለ»፣ በተሰነጠቀው ሰሌዳ፣
ዕቁብ ደረሰኝና መጣሁባት እንግዳ።
ሚስቴ «ለጣራው ይሁን» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ያፈሳል።
እንዴት ግን ሰው ያስተማረውን አንዴ ሳያይ ይሞታል?

ሌሊት ነው የገባሁት። ከአውሮፕላኑ ደጃፍ
ሙቀቱ ተቀበለኝ፣ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት አፍ፤
መነጽሬ ታወረ። ወደ ዐረብ አገር
የመጀመሪያ እርምጃዬ በዳበሳ ነበር።

ናይፍ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት ደርብ አልጋ፣
ከታቼ ጉል ዘማን፣ የፔሻዋር ሹፌር፣ ሲያንኮራፋ እስኪነጋ፤
ከጎኔ የኬራላው ቢጁ፣ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ
ለልጁ ያንሾካሹካል፣ የቀን ሥራውን አሳልፎ።
ቋንቋው አይገባኝም፤ ዜማው ግን ወዲያው ገባኝ፣
የማባዛት ሠንጠረዥ ነው!
መምህርነት ባሕር ተሻግሮ እዚህም አገኘኝ።

ለቀን ሠላሳ ድርሃም፤ ከዚያ ካለፈ ጣራው ቀረ።
ዓይኔ በነጻ ጠገበ፣ ሆዴ በሻይና ዳቦ አደረ።
የረጅሙን ሕንፃ ጫፍ ከሥሩ ቆሜ ነው ያየሁ፣
ለመውጫው ገንዘብ የለኝ፤ የአንገት ሕመሙን በነጻ አገኘሁ።
አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው በመስታወት ቤት ይበርደዋል፤
ከመስታወቱ ወዲያ የጠራጊው ላብ አስፋልት ላይ ይደርቃል።
ምን እንደሚጠርግ እንጃለት፤ ቅጠል እንኳ የለበት፤
እንዲህ ያለ ንጹሕ መንገድ ላይ መትፋት አማረኝ፣ በእውነት!
ግን ደግሞ አልዋሽም፦ ስልኬን ረስቼ ብወጣ ከሻይ ቤት፣
በማግስቱ አገኘሁት፣ በሶፍት ሸፍነው አስቀምጠውት።

የወርቅ ገበያ ገባሁ፤ ደጁ ሁሉ ይነዳል፤
የቅኔ አገር ዓይን ነውና ሰሙን ይፈልጋል።
ወርቅ ብቻ፣ ወርቅ ብቻ! የት አባቱ ሄደ ሰሙ?
ካርቶን ተሸካሚው ከደጁ ሲቀልጥ ነበር፣ ከነስሙ።

እሑድ፣ በአንድ ድርሃም ጀልባ፣ ወዲያ ማዶ ስሻገር፣
«መምህር!» አለኝ አንድ ድምፅ፣ በዚያ ሁሉ የሰው አገር።
ዞርኩ። ጥቁር ዐባያ። «ረሱኝ? ሙንተሃ ነኝ፣ ከመስኮቱ ሥር!»
ስምንተኛ «ለ»። መስከረም ገብታ ጥር ላይ የቀረች፣
ስሟን ሦስት ቀን ጠርቼ በአራተኛው በቀይ የተሰረዘች።
እነሆ «አቤት» አለችኝ፣ ዘጠኝ ዓመት አርፍዳ፤
የጀልባውንም የሻዩንም ከፈለች፤ እኔ እንግዳ።

«ካርታው ላይ ሰማያዊ ነበር» አለች፣ «ያስተማሩን ውኃ፤
ዘጠኝ ዓመት ስኖር ያየሁት አራቴ ነው፤
ከወጥ ቤቴ እስከዚህ በረሃ።»
«ፓስፖርቱ ላይ ዐሥር ዓመት ጨመሩልኝ» ብላ ሳቀች፣
«ትንሽ ብቆይ ከእርስዎ እኩል ነኝ።»
ሻይዋን ግን ሳትቀምስ አቀዘቀዘች።
«የእናቴን ቤት አይተውታል? ከገበያው በላይ፣ አዲስ ቆርቆሮ?»
አይቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን የሚወጋው፣ አምሮ፣
ያስቀናኝ የነበረው ጣራ፣
ለካ የሷ ነው፣ በሰው ወጥ ቤት የተሠራ።
«አገሩንስ ወደዱት?» አለች። ውኃውን ዐየሁ ዝም ብዬ፤
ጀልባው ማዶ ደረሰ፣ መልሱ ሳይደርስ ከምላሴ።

ተመለስኩ። ጣራው ያፈሳል፤ ሚስቴ ባልዲ ታቀርባለች፤
በሦስት ድርሃም የገዛሁላትን ሽቶ አሽታ ትስቃለች።
ልጆቹ «ዱባይ እንዴት ናት?» ብለው ክፍሉን አናጉት፤
«ሞቃት» አልኩ፤ «ንጹሕ» አልኩ፤ የተረፈውን ዋጥኩት።
ስም ጠራሁ። ሦስተኛ ቀኑ፣ ከመስኮቱ ሥር ባዶ ነው ወንበሯ፤
ቀዩን እስክሪብቶ ከደንኩት።
ከሰዓት ልሄድ ነው፣ ሠፈሯ።