የሞተረኛው ጆሮ

ሊዘንብ ሲል ነው የደወሉት፣ ወይዘሮ የውብዳር፤
«ቴሌቪዥኔ ሰው ትቶ ያወራል ከግድግዳ ጋር»
አሉኝ። ዕቃዬን ሰበሰብሁ፤ መፍቻ፣ ቴስተር፣ ሽቦ፤
ባጃጁ ሽምብጥ ጣለኝ፣ በትናንቱ ጭቃ ተስቦ።

ስሜ ምንይችል ነው፤ ደንበኛ በር ሲከፍት ይስቃል፤
«ምን ይችል ይሆን?» ይላል፤ ስሜ ራሱ ይጠይቃል።
እሳቸው ግን አልሳቁም። ሪሞቱን እንደ አደራ
በሁለት እጅ ሰጡኝና፣ «እየው» አሉ፣ «ሲያወራ።»

አየሁ። የዜና አንባቢዋ ከንፈር ከፊቴ ይላወሳል፤
ቃሏ ግን ከቀኝ ማዕዘን፣ ከቁም ሳጥን አጠገብ ይደርሳል።
ጣቢያ ቀየርሁ፤ ፈረስ በግራ ሲጋልብ ኮቴው በቀኝ ይሰማል፤
ግራው ስፒከር እንደ ሐሜተኛ አፉን ሸፍኖ ያጉረመርማል።

ጀመርሁ ከቀላሉ፤ ሶኬት ነቀልሁ፣ ጠበቅሁ፣ ሰካሁ፤
ከምንጣፉ ሥር ገመዱን በጣቴ ተከትዬ ለካሁ።
(ባለፈው አንዱ ቤት እንሽላሊት ነበር፣ ስፒከር ውስጥ ደርቆ የሞተ፤
ሌላው ቤት ደግሞ ዝም ያለው፣ ሕፃን ሳንቲም ስለከተተ።)
እዚህ ግን ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ የተገለበጠ የለም፤
መዳቡን የሐይቁ እርጥበት አላስቀየረውም ቀለም።
ግራውን ስፒከር ፈትቼ ከቀኙ ገመድ ባስረው፣
መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ፤ እስከ ዛሬ ማን ነው አፉን ያሰረው?

ፋብሪካው እንደላከው ልመልሰው ብዬ፣ አንድ ቁልፍ ሲቀረኝ፣
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሜኑውን ማየት አማረኝ።

መሐል፦ የለም።
ግራ፦ ሲቀነስ ስድስት።
ቀኝ፦ ሲደመር ዐሥር፤ ከዚያ በላይ መሣሪያው አይሄድም።
ርቀት፦ ሁለት ሜትር ከአርባ። ሜትሬን ዘረጋሁ፤
ጫፉ ያረፈው ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው።

«እትዬ የውብዳር፣ ይኼን ቁጥር የሞላው ማን ነው?»

ዝም አሉ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ጀመረው።
«አንዳርጌ ነው» አሉ ኋላ፣ «ቀን ሙሉ ተቀምጦ ሞከረው፤
እኔን ከኋላው አቁሞ፣ ‹አጨብጭቢ› እያለ፣ በዚህ በዚያ፣
እጄ እስኪቀላ ድረስ፣ እንደ ሠርግ ቤት ጭብጨባ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጎርጎራ ደርሶ መልስ፣ ከሞተር ጋር ኖረ፤
ሰውየው ቤቱ ይገባል፤ ቀኝ ጆሮው እዚያው ቀረ።
በደንገል ታንኳ የቀረበ ሰው ቢጣራ አይሰማም በዚያ በኩል።
በቀኙ ነበር የምተኛው፤ ስንቱን አወራሁ በከንቱ!
ጎን የቀየርሁ ሌሊት ነው፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የሳቀው ፊቱ።»

ሪሞቱን ይዤ ቆምሁ።
ብልሽት የለም እዚህ ቤት፤ ጆሮ ነው፣ በቁጥር የተጻፈ፤
ድምፁ ጎደሎውን ይሞላል፣ ባለጎደሎው ግን አለፈ።

«ላጥፋው?» አልሁ። «ኧረ ተው!» አሉ፤ ቆይተው ግን፣ ዝግ ብለው፣
«ዜናውንስ እኔም ልስማ፤ የኔስ ጆሮ ምን አጥፍቶ ነው?»

መሣሪያው ሁለት ማኅደር አለው፤ አንደኛውን እንዳለ ቆለፍሁ፤
በሁለተኛው፣ ከሳቸው ወንበር ለክቼ፣ አዲስ ጻፍሁ።
መሐሉን ከፈትሁ፤ የአንባቢዋ ቃል ከከንፈሯ ገጠመ፤
«እሷው ናት!» አሉ፣ እንደ ዘመድ። ዝናቡም በዚያው ቆመ።

ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ጫማዬን በረንዳ ላይ ሳስር
ዜናው ከመሐል ይወጣል፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ዳጉሳ ዘር።
አጥሩን ዞሬ ባጃጅ ስጠብቅ ግን፣ ከሐይቁ ነፋስ ጋራ
ድምፁ ባንዴ ወደ ቀኝ ሄደ፤ እንግዲህ የሱ ሆነ ተራ።
መልሶ የተበላሸ፣ ለጎረቤት ይመስላል፤
«ይኼ ልጅ» ይባባሉ ይሆናል፣ «አሁን ይኼ ምን ይችላል?»