ሐምሌ አንድ፣ ሸዋ በር

ጦሳ በጉም ጋቢ ፊቱን ተከናንቦ፣
ሸዋ በር በጭቃ፣ በጎርፍ ተከብቦ፣
ሰው ሁሉ ከሞቀው አልጋው ሳይነሳ፣
ጃንጥላ ዘርግቼ ዘለቅሁ ወደ ፒያሳ።
የሱቄን ኪራይ ውል፣ የአምናውን ደረሰኝ
በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዶፉ ሳይደርሰኝ።

ሱቄ እንደሁ ጠባብ ናት፤ ክር፣ ቁልፍና መርፌ፤
ዓመቱን በክንዴ ላስቲክ ስለካ አሳልፌ።
ደረጃዬ «ሐ» ነው፤ ከ«ሀ» ከ«ለ» በታች፣
ዕዳ ግን ፊደሉን መች ለይታ አወቀች?

ሟቹ ባሌ ሙሄ (አላህ ይዘንለት)
«ነገ» የሚሉት ወዳጅ ነበረበት።
«ሠላሳ ቀን አለ፣ ምን ያጣድፍሻል?»
ሐምሌ እንደ ሳሙና ከእጁ ሙልጭ ይላል።
በመጨረሻው ቀን፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣
ሰልፉ ከበር ወጥቶ፣ ታጥፎ እንደ በግ አንጀት፣
ሲስተሙ ይሄዳል፣ መብራት ይከተላል፣
ጸሐፊዋ ታዛጋለች፣ ማህተሙ ይደርቃል፣
ሙሄ ጥርሱን ያፋጫል፣ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ዓመት አልቻለም፤ ቀኑ ጥሎት ሄደ፣
ዕዳ ቅጣት ወልዶ፣ ቅጣት ወለድ ወለደ።
ለልጄ ጫማ ያልኩት፣ ለአረፋ በግ የቋጠርኩት፣
በመስኮቱ ሽንቁር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ማልኩኝ፤ በመቃብር አይደለም፣
በቁልፍ ሳጥኔ ነው፤ ከዚያ የሚከብድ የለም።
«የሐምሌን መባቻ ቆሜ አላልፍም» ብዬ፣
በየሰኞ ገበያው በጣሳ ጥቂት ጥዬ።

«ምነው እትዬ ሐዋ፣ ቤት ተቃጠለ እንዴ?»
አለኝ አሊጋዝ ጥበቃው፤ ሳቄ መጣ ከሆዴ።
«እንዳይቃጠል ነው» አልኩት፣ ገባሁ ቀድሜ፤
ሌላ ሰው የለም፤ ብቻዬን መስኮቱ ፊት ቆሜ።

ልጅቷ ፋይሌን ገልጣ፣ ዓይኗ ገና ትኩስ፣
ጣቷ ወርዶ ወርዶ አንድ መስመር ሲደርስ፣
«ጣቃ ጨርቅ ይሸጣሉ?» አለች ቀና ብላ፤
«ኧረ እኔ ቁልፍ ነኝ፤ ጣቃውስ የአብደላ!»
የጎረቤቴ ዕዳ በስሜ ተለጥፎ
ሊያስከፍለኝ ኖሯል እጥፍ ድርብ አጥፎ።
ዛሬ ሠላሳ ቢሆን፣ ኋላዬ መቶ ሰው ቢገፋ፣
«ከፍለው አቤት ይበሉ» ባለች፣ ፋይሌም በጠፋ።
አሁን ግን ጊዜ አለ፤ ማመልከቻ ጻፍኩኝ፣
ኮሚቴው እስኪያየው ሳምንት ቀጠሩኝ።
በስምንተኛው ቀን፣ ግምቱ ተስተካክሎ፣
ከፈልኩ። ደረሰኜ ላይ ማህተሙ «ጧ!» ብሎ።

ግብር ይጣፍጣል ብዬስ አልዋሽም፤
ብር ከኪስ ሲወጣ ያማል፤ ግን አልሸሽም።
ሕመምም ወግ አለው፤ እሾህ በጊዜው ሲወጣ
ለአፍታ ነው የሚያመው፤ ሲቆይ ነው መግል የሚያመጣ።
ደግሞም ከሱቄ ፊት ቦዩ ከአምና ተደፍኗል፤
ደረሰኝ የያዘ ሰው ሲጠይቅ ድምፁ ይጎላል።

ክሊራንስ ወጣልኝ፤ ንግድ ፈቃዴም ታድሶ
ግድግዳው ላይ ዋለ ምስማሩን ተንተርሶ።
ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
እንደ ድሮ አልቆጠርኩም፣ ቀን በቀን ላይ ስደርብ።
ዶፉ የራሱ ነው፣ ይውረድ እንደ ልቡ፤
የኔ ቁጥር አልቋል፣ ተዘግቷል መዝገቡ።

አብደላን ነገርኩት። ጣቃውን እየጠቀለለ
«አብሽሪ ሐዋ፣ ገና ነው፤ ስንት ቀን አለ!» አለ።

ሐምሌ ሠላሳ ቀን፣ ዶፉ ሲወርድ ውሎ፣
አየሁት ከሰልፉ ጭራ፣ ፌስታል አናቱ ላይ ጥሎ።
ከኋላው ሳየው አንገቱ፣ ትከሻው
ቁርጥ ሙሄን መሰለኝ፤ ዓይኔን ውኃ ሞላው።
«አላልኩህም?» አላልኩም። ጠጋ አልኩና
ጃንጥላዬን ሰጥቼው ሄድኩ፤
ሰልፍ የለብኝምና።