«ብሎ»

ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ፣ መንገድ አልቆ ባሕር ከሚጀምርበት፣
ሃያ ሦስት ቤት አለ፤ አንድ ሱቅም አለ፣ እኔ ቀለም የምበጠብጥበት።

ኦድቫርን እንደ ወንድሞቹ ባሕር መብላት ነበረበት፤ አልበላውም።
ሰኔ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ካልሲ ባንድ እግሩ ብቻ፣
ወደ መስኮቱ ጣቱን ቀስሮ
«ብሎ» ብሎ ሞተ።

«ብሎ» በነሱ አፍ ሰማያዊ ማለት ነው።
በኔ ጆሮ ግን እንጥልጥል ነው፤
ምን ብሎ? ለማን ብሎ?
እንዴት ሰው ይሄዳል ማሰሪያ አንቀጹን ጥሎ?

በሳምንቱ ሚስቱ ቶርዲስ ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈች።
«ያን ቀን ጭጋግ ነበረ፤ ሰማዩም ባሕሩም የወተት እጣቢ።
ሌሊት የለ፣ ጥላ የለ። የቱን ሰማያዊ ነው ያለኝ?»
ማሽኔን አየሁት፤ አራት መቶ ሰማያዊ ያውቃል፣ ሁሉንም በቁጥር፤
ለዚህ የሚሆን ግን አላገኘሁም፣ ብቆጥር ብቆጥር።

ሐምሌ ላይ ጀልባውን ጠረጠረች።
ቅርፊቱን በቢላ ፍቃ አመጣችልኝ፣ አመሳሰልኩላት፣ ቀባች።
«አይደለም» አለች። «ጀልባውን እንደ ጫማው ነበር የሚያየው፤
ሰው ሲሞት ጫማውን አይጠራም።»

ነሐሴ፣ ጋራው ሙሉ የዱር እንጆሪ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቃቅን፤
የልጆቹን ምላስ፣ የቄሱን ጥርስ ሳይቀር ነከረ።
ቶርዲስ በባልዲ ለቀመች፤ ጣቶቿ
አሻራ ሰጥታ ከፖሊስ ጣቢያ የወጣች አስመሰሏት።
«በሃያ ዓመቱ፣ አፉ እንዲህ ሆኖ፣ ከዚያ ድንጋይ ጀርባ...»
ሳቀች፤ ሳቋን መልሳ ዋጠችው።
«ይሄም አይደለም። ይሄን ቢሆን ኖሮ ጆሮው ይቀላ ነበር።»

መስከረም የዛጎል ሆድ፤ ጥቅምት የሹራቡ ክርን፣
የክኒኑ ብልቃጥ ክዳን፣ የገዛ እጇ ደም ሥር፤
ሁሉንም መስኮቱ ላይ ደረደረች፣
ሁሉንም አነሳች። እጇን ብቻ የምታደርግበት አጣች።

ኅዳር ሲጋመስ ፀሐይ ሄደች።
አታኮርፍም፣ አትቆጣም፤ ከተራራው ጀርባ ትከሻዋን አሳይታ፣
በቃ፣ እስከ ጥር።

ታኅሣሥ፣ ቀትር ላይ፣ ቶርዲስ የሱቁን በር ገፋችው።
«ና» አለችኝ። ቤቷ ወሰደችኝ። ሶፋውን አሳየችኝ። «ተኛ።»
ተኛሁ፤ አንድ ካልሲ አውልቄ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።
በመስኮቱ በኩል በረዶው ሰማያዊ፣ ጣሪያው ሰማያዊ፣
የዓሣ መስቀያው፣ ገመዱ፣ የውሻው ትንፋሽ፤
ጀልባው የት እንደ ቆመ አይለይም።
ከመስኮቱ ጎን ደግሞ፣ ተጠቅልሎ በሲባጎ የታሰረ፣
የሰኔ መጋረጃ፣ ድፍን ሰማያዊ፣
ፀሐይ አልጠልቅ ስትል እንቅልፍ የሚለምኑበት።

ምናልባት ሰውዬው «ዝጊልኝ፣ ልተኛ» ነበር ያለው።

አፌን ከፈትኩ።
ቶርዲስ መስታወቱ ፊት ቆማለች፣ መብራት አላበራችም።
ይህ ቃል በኛ ቋንቋ ሁለት ደጅ አለው፤
አንዱ ለቀለም ነው፣ አንዱ ለጻድቃን ነው።
በሁለቱም ገባች።
አፌን ዘጋሁ።
«አየህ?»
«አየሁ።»

ጥር ላይ ፀሐይ ለሦስት ደቂቃ በተራራው አንገት ብቅ አለች፤
ልጆች ጣፋጭ ዳቦ እንደጨበጡ ወጥተው ጮኹባት።
ቶርዲስ ባዶ ቆርቆሮ ይዛ መጣች።
«የታኅሣሥን ቀትር በጥብጥልኝ፣ ሳይጠፋብኝ።»
ማሽኑን አጠፋሁት። በእንጨት፣ በእጄ፣ በግምት።
ክዳኑ ላይ በፊደሌ ጻፍኩላት።
«ምን ይላል?»
«ብሎ።»
«እሱማ የኛ ነው» ብላ ተቀበለችኝ።

ክዳኑ አልገጠመም ኖሯል፤ በረዶው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤
ነጥብ፣ ጥቂት እርምጃ፣ ነጥብ፣ ጥቂት እርምጃ፣ ነጥብ።
አራተኛዋን ጠበቅሁ፣ ነገሩ የሚዘጋባትን።
በሯ ደረሰች፣ ጫማዋን አራገፈች፣ ገባች፤
አልጣለቻትም።