ተረኛ

መስከረም ነው ይላሉ፤ ሻርጃ ግን ባሕሩ ይተነፍሳል፣
መነጽሬን ብወለውል፣ መልሶ ጉም ይለብሳል።
ሮላ ፌርማታ ቆሜያለሁ፤ በአንድ እጄ የምሳ ዕቃ፣ በአንድ እጄ ጥራዝ፣
ምዕራፍ አራት፦ «በጀትና የሰው ኃይል አያያዝ»።
ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ተኝቼ፣
ክፍል ልገባ ነው፤ ጓንት ኪሴ ውስጥ ረስቼ።

ወንድሜ ከደሴ ደውሎ ነበር፦
«ለቦታው ያልሽውን ብር ለትምህርት ከፈልሽው?
አርባ ሊሞላሽ ነው፤ የት ያደርስሻል?
መርፌ ዲግሪ ቢደርብ፣ ከመውጋት ሌላ ምን ያውቃል?»
ሳቅሁለት። ስለ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ አልነገርኩትም፤
ለማንም አልነገርኩም።

የሲልሄት ልጅ ነበር፣ ቀለም ቀቢ፣
ሰማያዊው ከጥፍሩ ሥር አልለቅ ያለው።
መድኃኒት ታዘዘለት። ነጥቧ ቦታዋን ስታለች፣
አንዱ ዐሥር ሆኗል፤ ዓይኔ አይታለች።
ደወልኩ። «ሐኪም ነሽ?» አለኝ። «አይደለሁም።»
«የተጻፈውን ስጪ።» ዘጋው። እኔም መልሼ አልደወልኩም።
ተራ ነርስ ነኝ፣ ተራዬ አይደለም ብዬ
ሰጠሁት። በቀስታ። ትራሱን አስተካክዬ።

አልሞተም። ዘጠኝ ቀን በማሽን ተነፈሰ፣
ሲነቃ «ሲስተር» ብሎ አመሰገነኝ፤ ሆዴ ተላወሰ።

ዶክተር ራያ በመጀመሪያው ሳምንት ጠየቀችን፦
«ሥልጣን ምንድነው?»
አንዷ ወንበር አለች፣ አንዷ ፊርማ፤
የኦምዱርማኗ ኢኽላስ «ደመወዝ!» ስትል ክፍሉ ሳቀ።
እጄን አነሣሁ፤ ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም፣
«ስልኩ ሲዘጋብሽ መልሰሽ መደወል» አልኩ፤ አላብራራሁም።
አላመሰገነችኝም። ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፈችው።
«መልሳ እንድትደውል የሚያስችላትስ ማነው?
እሱን አጥኚ» አለችኝ።

ይኸው ዓመት ተኩል እሱን አጠናለሁ፦
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ነርስ፣ ለስንት አልጋ፣
ስንቷ አይታ ዝም አለች፣ በስንተኛው ስልክ ሲዘጋ።
ሠንጠረዥ ሦስት ውስጥ ያ ልጅ አለ፤
ስም የለውም፤ «አንድ» ተብሏል።

ትናንት ሌሊት ጂንሲ መጣች፣ ከኮታያም ከመጣች ሦስት ወሯ፣
ጠርሙሷን በመዳፏ ደብቃ።
«ሲስተር ትርሲት፣ ተሳስቼ ይሆናል፤ ይህ ቁጥር…»
ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። ያንን ወለል አውቀዋለሁ።
ስልኩን እኔ መታሁ፤ እጀታውን ለእሷ ሰጠሁ፣
ትከሻዋ አጠገብ ቆምኩ።
ከወዲያ እንቅልፍ የተጫነው ድምፅ፦ «ማነው ተረኛ?»
አየችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።
«እኔ ነኝ» አለች።

ቁጥሩ ልክ ነበር። ጂንሲ በኃፍረት ቀላች።
«ነገም ትደውያለሽ» አልኳት። ዝም አለች።

አውቶቡሱ መጣ። መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፤
ምዕራፍ አራት በላብ ረጥቧል።
ላሰምርበት ስል እስክሪብቶዬ ቀለም ተፋ፣
ጥፍሬ ሥር ገባ፤
ሰማያዊ።